«የስ» ብለን የገዛነው ነጭ ጫማ

ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ናይሮቢ ኢስሊ ካለ ጅምላ ሻጭ የልጆች ጫማ አዘዝን። የፈለግነው ጥቁሩን ነበር፤ ለተማሪ የሚሸጠው እሱ ነው። ነጭ ጫማ ለመስከረም ጭቃ አይሆንም፤ ይህን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ሻጩ ከመጫኑ በፊት ደወለና ጠየቀን፤ «ሶ ዩ ዶንት ዋንት ዘ ዋይት ዋንስ?» ነጩን አትፈልጉም ማለቱ እንደሆነ ገባን። ስለገባን ደስ አለንና በልበ ሙሉነት «የስ!» አልን። ሰውየው ተጠራጠረ፤ «የስ?» ብሎ ደገመ። «የስ፣ የስ!» ብለን አጸናንለት። ካርቶኖቹ ሞያሌ ደርሰው ሲከፈቱ ግማሹ ነጭ ነው።

ሰውየውን አንወቅሰውም። ሁለት ጊዜ ጠይቆናል፤ ሁለት ጊዜ አዎ ብለነዋል። ጥፋቱ ያለው እኛ «አዎ» በምንልበት መንገድ ላይ ነው። በአማርኛ «ነጩን አትፈልጉም?» ሲሉን «አዎ፣ አንፈልግም» እንላለን። «አዎ» ስንል ያልከው ልክ ነው ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ካላችሁ ትፈልጋላችሁ፣ «ኖ» ካላችሁ አትፈልጉም፤ ጥያቄው ተገልብጦ ቢመጣ ባይመጣ ለውጥ የለውም። ይህችን ነገር ከስንት ዓመት ትምህርት በኋላ ከአንድ ጭነት ጫማ ተማርናት።

ስንት ዓመት ትምህርት ያልነው ለቀልድ አይደለም። የኮሜርስ ዲፕሎማ አለን። አካውንቲንጉን በእንግሊዝኛ ተምረናል፤ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ተፈትነናል። ዴቢትና ክሬዲት ዛሬም ከእንቅልፋችን ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁን አንስትም። ፓስት ፐርፌክት ምን እንደሆነ እናስረዳችኋለን። ሆኖም አርባን አልፈን፣ ዕቃ ልንገዛ ሱቅ ገብተን፣ ሻጯ ልጅ «ሃው ካን አይ ሄልፕ ዩ?» ስትለን አፋችን ተሳሰረ። የተማርነው እንግሊዝኛ የጥቁር ሰሌዳና የደብተር ነበር። መምህሩ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፤ አርባ ሃምሳ ሆነን በተቀመጥንበት ክፍል ማን አፉን ከፍቶ ያወራል? ስለዚህ ጀማሪ ነን ስንል ለትሕትና አይደለም። በመናገር በኩል አንደኛ ክፍል ነን።

«እንግሊዝኛ ምን ያደርግላችኋል? ስዋሂሊ አትማሩም?» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። ሞያሌ ላይ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይግባባል፤ ከዚያ ወደ ማርሳቢት፣ ወደ ኢሲዮሎ፣ ወደ ናይሮቢ ሲወረድ ደግሞ ስዋሂሊ የማያውቅ ሰው ቲማቲም እንኳ በውድ ነው የሚገዛው። ስዋሂሊንም እንማር፤ እየለቃቀምንም ነው። ነገር ግን ገበያው ላይ በስዋሂሊ የተስማማነው ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር በእንግሊዝኛ ነው። ደረሰኙ፣ የጉምሩክ ቅጹ፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የልጆች ትምህርት ቤት የሚልከው ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ማዘዣው። ካምፓላ ብትወርዱም፣ ጁባ ብትሻገሩም መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው። ደቡብ ሱዳን እንዲያውም በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ ላይ የሥራ ቋንቋ አድርጋዋለች። ጅቡቲ የምትመላለሱ እህቶቻችን ግን ይቅር በሉን፤ እናንተ ጋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው፤ የእናንተን እናንተ ጻፉልን።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ግን ጫማው አይደለም። ጫማ ኪሳራው በብር ይቆጠራል።

ከመካከላችን አንዷ፣ ስሟን አንጠራም፣ እንድንጽፈው ግን ፈቅዳልናለች፣ ናይሮቢ ውስጥ ሐኪም ቤት ሄደች። እንዲያስተረጉምላት የ11 ዓመት ወንድ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ይዛው ገባች። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ሕመሙ የማህፀን ነው። ሐኪሟ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ልጁ ዝም ብሎ ጫማውን አየ። «ምን አለች?» አለችው እናቱ። «ትድኛለሽ ብላለች» አላት። ሐኪሟ ያለችው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሰሽ ምርመራ አድርጊ ነበር። እናቱ በአራተኛው ወር ስታመም ነው የተመለሰችው። ታክማ ዳነች፤ ዛሬ ደህና ናት፣ ተመስገን። ልጁ ግን ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንዳለ ከአንድ ዓመት በላይ ለማንም ሳይናገር ቆይቶ አንድ ማታ እያለቀሰ ነገራት። ቃሉን በአማርኛ አያውቀውም ነበር። ትንሽ የገባውም ቢሆን ለእናት የሚነገር ነገር አልመስል ብሎት አፈረ።

ልጁ ዋሽቷል የሚል ካለ እኛ አንስማማም። ለልጅ የማይሰጥ ሸክም አሸክመነው ነው።

እስቲ ቤታችንን እንመልከት። ከአቅራቢ ጋር ስንከራከር ስልኩን የሚይዘው ማን ነው? አከራዩ ኪራይ ሊጨምር ሲመጣ መሀል የሚቆመው ማን ነው? ልጅ ነው። ሰውየው ሲሰድበን ስድቡን ሰምቶ፣ አለስልሶ፣ ወደ አማርኛ የሚያመጣው ልጅ ነው። ያለብንን ዕዳ አባቱ ሳይሰማ እሱ ይሰማዋል። መምህሩ ስለ እሱ ስንፍና ሊነግረን ሲጠራንም አስተርጓሚው ራሱ ነው፤ እንግዲህ ምን ብሎ እንደሚተረጉምልን ለእናንተ እንተወው። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ማወቃቸው ኩራታችን ነው፤ እንግዳ ፊት «እስቲ ተናገር» እንላለን። ኩራቱ ይሁን፤ ሥራው ግን የእኛ ነው። የእኛ አቋም ይኸው ነው፦ የመጀመሪያው እንግሊዝኛችን ልጆቻችንን ከመሀል ለማውጣት የሚበቃው ይሁን። ዲግሪ አንፈልግም።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ገንዘብ አዋጥተን ትምህርት መግባት ነበር። ሦስት ወር ከፈልን። መጽሐፉ በእርሳስና በጠረጴዛ ጀመረ፤ ከዚያ ስለ ለንደን አውቶቡስ አነበብን፤ ከዚያ ግሱን አረባን። መምህሩ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ግን ዕቃ ሲጎድል «ሁለት ካርቶን ጎድሏል» እንዴት እንደሚባል በሦስት ወር አልደረስንበትም። ተውነው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንዳችን ቤት ቡና እናፈላለን፤ አንደኛው እስኪጠጣ አማርኛ ይፈቀዳል፤ ከቶናው ጀምሮ እስከ በረካው ያለው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የአንዷ ልጅ፣ ኮሌጅ የምትማር፣ ታርመናለች። እሷም ብትሆን ማረም እንጂ መተርጎም ተከልክላለች። በመጀመሪያው ሐሙስ በረካው በዝምታ ተጠጣ። በሕይወታችን እንደዚያ ጸጥ ያለ ቡና ጠጥተን አናውቅም።

የመጀመሪያው ደብተራችን ውስጥ የገባው ቁጥር ነው። ቁጥር እናውቃለን ብለን ነበር። ሱቅ ውስጥ ካልኩሌተሩን አዙሮ ያሳያችኋል፤ ችግር የለም። በስልክ ግን «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» አንድ ናቸው፤ 13 እና 30። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»ም እንዲሁ። እኛ ያገኘነው መድኃኒት ቁጥሩን በየዲጂቱ መልሶ መጠየቅ ነው፤ «ዋን-ስሪ ኦር ስሪ-ዚሮ?» ማንም አይስቅባችሁም፤ ኬንያውያን ራሳቸው በስልክ እንዲህ ይላሉ። ደግሞ «ቱ ፊፍቲ» ሲሉ 250 ማለታቸው ነው፤ ሁለትና ሃምሳ ብላችሁ ለየብቻ አትጻፉት። «ቦብ» ሽልንግ ነው፤ «ቴን ኬ» አሥር ሺህ ነው።

ሰዓቱ ከቁጥሩ ይብሳል። አንድ ጊዜ የጭነት ወኪል መኪናው የሚነሣው «አት ኤይት» ነው አለን። ኤይት ስምንት ነው፤ በስምንት ሰዓት ምሳችንን በልተን ደረስን። መኪናው በሁለት ሰዓት ሄዷል። የሚገርመው ሰውየው በስዋሂሊ ነግሮን ቢሆን ኖሮ «ሳ ምቢሊ»፣ ሁለት ሰዓት ይለን ነበር፤ ስዋሂሊ እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ያው ሰው፣ ያው መኪና፣ እንግሊዝኛ ሲናገር ግን ሰዓቱ በስድስት ይዘላል። መደመር መቀነሱ የሚያስቸግራችሁ የግድግዳ ሰዓት ላይ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር እዩ፤ የ8 ትይዩ 2 ነው፣ የ9 ትይዩ 3 ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ «ሞርኒንግ ኦር አፍተርኑን?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ቀን አቆጣጠሩ ብዙ አንልም፤ የዕቃ ማብቂያ ቀን ላይ የተጻፈውን ዓመት በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ገና ሰባት ዓመት አለው ያለ ወንድም እንዳለን ግን ሹክ እንበላችሁ።

ፊደላችንም አንዳንዴ ያጠምደናል። መምህራን እንግሊዝኛን በግዕዝ ፊደል አትጻፉ ይላሉ፤ እኛ ግን ለጀማሪ ጻፉ እንላለን፤ ሳይጻፍ የሚያዝ ነገር የለም። አንድ ችግር ብቻ አለው። በርበሬውንም ወረቀቱንም ስንጽፍ «ፔፐር» ሆነ። ታዲያ ኬላው ላይ ሠራተኛው «ዌር አር ዩር ፔፐርስ?» ሲላት አንዲት እህታችን የበርበሬውን ጆንያ ፈታ አሳየችው። ሰውየው አስነጠሰ፤ ወረቀቱን የጠየቀው በኋላ ነው። በግና መርከብም እንደዚሁ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ በጉን ሳብ አድርጉት፣ መርከቡን ቶሎ ጣሉት። ስለዚህ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርን፤ አማርኛው፣ በፊደላችን አነባበቡ፣ ከዚያ በእነሱ ፊደል አጻጻፉ።

እንግሊዝኛ መስለውን የኖሩ ቃላትም አሉ። «ሶፍት» ብላችሁ ሶፍት አታገኙም፤ «ቲሹ» ነው። «ሞዴስ» የሚባል የሚያውቅ የለም፤ «ፓድ» በሉ፤ ይህን ያወቅነው በማይመች ሰዓት ነው። «እስክሪብቶ»ም «ፔን» ነው። ቦርሳና መኪና እንግሊዝኛ አለመሆናቸውንስ ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

ስለ ጨዋነት ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው «ሐበሾች ቁጡ ናቸው» የሚለን በዚህ ይመስለናል። ምግብ ቤት ገብተን «ጊቭ ሚ ዋተር» እንላለን። በአማርኛ «ውሃ ስጠኝ፣ የኔ ወንድም» ስንል ጌጡ ከድምፃችን ጋር አለ፤ ለትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ «ይስጡኝ» ብለን ግሱ ራሱ ያከብርልናል። እንግሊዝኛ አንቺንም፣ አንተንም፣ እርስዎንም በ«ዩ» ጠቅልሎ ይጠራል፤ ክብሩ የሚገባው «ካን አይ» በሚለውና በ«ፕሊስ» በኩል ነው። «ፕሊስ» ከሌለ ትእዛዝ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንለው «አዎ»ም እንዲሁ ነው፤ በስልክ አንዷን ደንበኛችንን አስደንግጧታል፤ «አር ዩ ኦኬ?» አለችን፤ ያመመን መስሏት። በሌላ በኩል ኬንያ ውስጥ መንገድ ላይ ስትደናቀፉ የማታውቁት ሰው «ሶሪ» ይላችኋል። መጀመሪያ ጊዜ ምን በደለንና ይቅርታ ይጠይቀናል ብለን ገርሞን ነበር። የእኛ «እኔን!» ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ሰዎቹ ይበልጥ ዘመዶቻችን መሰሉን።

ንባብ የጀመርነው ከስልካችን ነው፤ ከኤም ፔሳ መልእክት። በየቀኑ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ገንዘብ ያለበት ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? «ኮንፈርምድ» የሚለውን ብቻ አይተን ዕቃ እናስረክብ ነበር። አሁን ቀጥሎ ያለውን እናነባለን፤ «ሪሲቭድ» ከሆነ ተቀብለናል፣ «ሴንት» ከሆነ ልከናል፤ ከማን፣ በስንት ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ «ባላንስ» ስንት ሆነ። ገንዘብ ከፋዩ የራሱን ስልክ ቢያሳየን አንቀበልም፤ የእኛ ስልክ ላይ ያለውን እናነባለን። የስልክ ተርጓሚውም ለማስታወቂያና ለደብዳቤ ይረዳል፤ ክርክር ላይ ግን ጠያቂው ሰልችቶት እስኪሄድ ድረስ እሱ ገና ያስባል። ይልቅ የድምፅ መልእክት ይሻላል። አቅራቢዎቻችንን «ፕሊስ ሴንድ ቮይስ» ብለን አስለምደናቸዋል፤ አሥር ጊዜ መልሰን እንሰማዋለን፤ ያልገባንን ለሐሙስ እናቆየዋለን። አንድ የኢስሊ ነጋዴ ስለ ብርድ ልብስ ዋጋ የላከው የአርባ ሰከንድ ድምፅ ሙሉ ማታ አስተምሮናል።

ጀማሪ እንግሊዝኛ ለሐኪም ይበቃል አንልም። ለሐኪም አዋቂ ሰው፣ ቢቻል ሴት፣ ይዛችሁ ግቡ፤ እህት፣ ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ። ልጁ ትምህርቱ ላይ ይሁን። ሁለት ነገር ግን ከራሳችን አፍ ይውጣ። አንዱ «ፕሊስ ራይት ኢት ዳውን» ነው፤ የተጻፈን ነገር ማታ ወስደን ማስነበብ እንችላለን። ሁለተኛው «ዌን ዱ አይ ካም ባክ?» ነው፤ መቼ ልመለስ? አምስት ቃል ናት። ያቺ እህታችን ይህን ለማለት የምታስፈልጋትን ያህል እንግሊዝኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትናበታለች። ያልነበራት ድፍረቱ ነው፤ የሚስቁባት መሰላት። እኛም ብንሆን በዚያ ወንበር ብንቀመጥ ልጁን ነበር የምናየው።

«በዚህ ዕድሜ?» ለሚሉ ወንድሞቻችን መልስ የለንም፤ ሐሙስ መጥተው ቡናው ላይ ይቀመጡ። ሁለቱ መጥተዋል። አንዱ እስካሁን «የስ» እና «ኖ» ብቻ ነው የሚለው፤ እነሱንም እያቀያየረ።

እኛም ገና ነን። ባለፈው ሳምንት በ«ሰርቲ» እንደገና ተሳስተን 13 ደርዘን ጠይቀን ለ30 ሒሳብ ተልኮልናል፤ ግን ከመክፈላችን በፊት አየነው። ዘንድሮም ያው የጫማ ነጋዴ ደውሎ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀን፤ ነጩን አትፈልጉም? ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን ሁላችንም እየሰማን ነበር። «ኖ» አልን። «ኖ ዋይት። ብላክ ኦንሊ። ፕሊስ ሴንድ ፒክቸር።» ፎቶው መጣ፤ ጥቁር ነው።

የአምናው ነጭ 3 ካርቶን ቀርቶናል፤ ከቁጥር 28 እስከ 33። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ የሚፈልግ ካለ በዋጋ አንጣላም።